የተረሳው የወረቀት ከረጢት

ዊልበርት ክሪገር ሰባ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ እንቁላል እንኳ በወጉ ጠብሶ አያውቅም። አርባ ዓመት ሙሉ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት የገጠር መንገድ እየዞረ ከየገበሬው ወተት ሲሰበስብ የኖረ የቦቴ ሹፌር ነው። ወደ ቤቱ ሲመለስ ምግቡ ተከድኖ ይጠብቀው ነበር። ምግቡን የምትከድንለት ሚስቱ ቬርና ግን ባለፈው መጋቢት ሞተች።

ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ልጁ ክሪስታ «ቤቱን ሽጥና እኛ ጋ ግባ» እያለች ትነዘንዘዋለች። ክፋት የላትም፣ የአራት ሰዓት መንገድ ርቃ ስለምትኖር ፈርታ ነው። እሱ ደግሞ ግትርነቱን እኛ ሠፈር የማያውቅ የለም። ሲጨቃጨቁ ከርመው በመጨረሻ ተስማሙ። በኅዳር የሚከበረውን የምስጋና ቀን ምሳ ያለ ማንም እርዳታ አብስሎ፣ አንድም ነገር ሳያበላሽ ካቀረበ፣ የቤቱ ወሬ ሁለተኛ አይነሳም። ካበላሸ ግን ቤቱ በጥር ይሸጣል። አይ ዊልበርት! አፉ ቀደመውና እሺ አለ።

ቤቱን ለምን እንደማይለቅ ብትጠይቁት ትከሻውን ይሰብቃል። በምስጋናው ቀን ጠዋት ያየው ሰው ግን መጠየቅም ባላስፈለገው። ካፖርቱን ደርቦ፣ ቡናውን ይዞ የጓሮው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ሣሩ ውርጭ ለብሷል፣ ከጎረቤት ጭስ ማውጫ የእንጨት ጭስ ይሸታል። ቡናው እስኪያልቅ አልተነሣም። ከዚያ ገባና ለበዓሉ ከተዘጋጀው ጣፋጭ የዱባ ፓይ አንድ ቁራሽ ቆርጦ እንደቀዘቀዘ በላ። ፓዩን የገዛው ከሱቅ ነው፣ ስምምነቱ ላይ ስለ ፓይ የተባለ ነገር የለማ። ቬርና ከምሳ በፊት ፓይ መንካት ነውር ነው ትል ነበር፣ በየዓመቱ ግን ማለዳ ተነሥታ ቀድማ የምትቆርሰው እሷ ራሷ ነበረች።

በበዓሉ ሙሉውን የሚጠበሰውን ትልቅ ወፍ፣ ተርኪውን፣ ኦቨን ውስጥ ከከተተ በኋላ ሽንኩርትና ሰለሪ የተባለ መዓዛማ አትክልት በቅቤ ማቁላላት ጀመረ። ሽታው ቤቱን ሲሞላው ማማሰያውን አስቀመጠና ወንበር ላይ ቁጭ አለ። የቬርና ሽታ ነው፣ በየዓመቱ በዚህ ቀን ከፀጉሯ የማይጠፋው። አለቀሰ። ሰው ስላላየው አላፈረም፣ ሽንኩርቱም ምክንያት ይሆነዋል። ከዚያ ተነሥቶ ለተርኪው ማባያ የሚሆነውን የክራንቤሪ ማርማላታ ቆርቆሮ ከፈተና የረጋውን ሳህን ላይ ደፋው። የቆርቆሮው ቀለበት ቀለበት ምልክት እንደታተመበት ቀይ ሆኖ ተንሸራቶ ወጣ። በዚያ ቤት ክራንቤሪ የሚቆረጠው ቀለበቱን ተከትሎ ነው፣ ያፈረሰ ሰው ይሾፍበታል።

ክሪስታ ከባሏ ከዴሪክ ጋር ቀትር ላይ ደረሰች። ስማው ስታበቃ ዓይኗ ማቀዝቀዣውንም፣ ደረጃውንም፣ ምድጃውንም ዞረ። ዊልበርት ግን አልሰጋም። ተርኪው ወርቅ መስሎ በስሏል። እንግዶቹን አስቀምጦ ሊቆርጠው ብቻውን ወደ ማዕድ ቤት ገባ።

ቢላውን ሲሰካ ከተርኪው ሆድ አንድ ነገር ኮሽ አለ። እጁን ሰዶ ሲጎትት ጉድ ፈላ! የተርኪው አንገት፣ ጉበትና ልብ ተጠቅልለው ሆዱ ውስጥ የሚሸጡበት፣ ከመጠበሱ በፊት መውጣት የነበረበት የወረቀት ከረጢት አብሮ ተጠብሶ ቁጭ ብሏል።

የከረጢት ታሪክ በክሪገር ቤት አዲስ አይደለም። ቬርና በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት ከረጢቱን ሳታወጣ ተርኪውን ጠበሰችው ተብሎ፣ በየበዓሉ ይህ ሳይነሳ ምሳ አይበላም ነበር። ሳቁን የሚጀምረው ደግሞ ሁልጊዜ ዊልበርት ነው። እውነቱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ አሁን አንድ ቀርቷል።

ቆሻሻ መጣያውን ከፈተ። ቢጥለው ማን ያያል? ሥጋው ደህና ነው፣ ቤቱም ይተርፍለታል።  ግን መጣያውን መልሶ ከደነና ተርኪውን በትሪ፣ ከረጢቱን በትንሽ ሳህን ይዞ ወጣ።

በልማዱ ከመብላታቸው በፊት እያንዳንዱ የሚያመሰግንበትን ይናገራል። ዴሪክ ማብሰል ስላልደረሰበት አመሰገነ። ክሪስታ አባቷን በጤና ስላገኘችው አመሰገነች። የዊልበርት ተራ ሲደርስ ሳህኑን ጠረጴዛው መሐል አኖረው።

«እኔ እናትሽን ነው የማመሰግነው» አለ። «ያኔም የረሳሁት እኔ ነበርኩ። እሷ ሆስፒታል ተረኛ ነበረች፣ ተርኪውን ኦቨን የከተትኩት እኔ ነኝ። እናቴ ሲያፈጡ እሷ ‹ጥፋቱ የኔ ነው› አለች። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ብዬ ብቀር ደግ ነበር፣ አርባ አራት ዓመት አሾፍኩባት።»

ክሪስታ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች። ዓይኗን እንባ ሞላው።

«እኔም አብሬህ ስቄባታለሁ፣ አባዬ» አለች።

«አውቃለሁ። እሷም አብራን ትስቅ ነበር። ቃሌ ግን ቃል ነው ልጄ፣ አበላሽቻለሁ። ቤቱን በጥር ለሽያጭ አውጪው።»

ክሪስታ ሥጋውን ራሷ ቆርሳ ጎረሰች፣ ቀስ ብላ አኘከችና ዋጠች። ዊልበርት አፍ አፏን ያያል።

«ለከርሞ ከዋዜማው መጥተን እዚህ እናድራለን» አለች በመጨረሻ። «ከረጢቱን እኔ አወጣዋለሁ።»

ዊልበርት ቢላውን አነሣና ክራንቤሪውን ቀለበቱን ተከትሎ ቆርጦ፣ የመጀመሪያውን ቁራጭ ለልጁ አወጣላት።