ሽጉጥ የሚያህል ሳሙና

ሱሉልታ ውስጥ ውሻ የማይጮህበት ሰው ቢኖር ገርባ ነው። ኦቦ ገርባ ወተት ሰብሳቢ ነው። ገና ሳይነጋ ያቺን ነጭ ፒካፑን እያንገጫገጨ ከደጅ ደጅ ይዞራል። ሴቶቹ በር ከፍተው "አካም ቡልቴ፣ ገርባ?" ይሉታል፤ እሱም የላሚቱን ጤና ከባልየው ጤና አስቀድሞ ይጠይቃል። ከዚያ ወተቱን በጀሪካን ጭኖ አዲስ አበባ ያወርዳል። ሀብቱ ፒካፗ እንዳትመስላችሁ፤ እሷማ ግማሿ በሽቦ የታሰረች ናት። ሀብቱ በማለዳ የሚከፈቱለት በሮች ናቸው።

በሁለት ሺህ ስምንት ክረምት አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የሚያሰፋው የማስተር ፕላን ነገር ቀረ ቢባልም ቁጣው አልቀረም። መንገዱ አንድ ቀን መኪና፣ ሁለት ቀን ድንጋይ ያድርበታል። አንድ ማለዳ ፊታቸውን በሻርፕ የሸፈኑ ሰዎች ገርባን አስቆሙት፤ ወተቱን አስፋልት ላይ ደፉበት፣ አንደኛው የፊት መስታወቱን በዱላ አረገፈው። ቤቱ ገብቶ እስከ ምሳ ሰዓት በሩን ቆልፎ ተቀመጠ። እኔ በዓይኔ አላየሁም። ሚስቱ ገለቴ ለእህቷ ስትነግር ሰማሁ፤ ጎረቤት ነን፣ አጥራችን ስስ ነው።

በሳምንቱ ገርባ የሽጉጥ ፈቃድ አመለከተ። የሚያስቀው ነገር ደግሞ ተፈቀደለት።

ምክር የጠየቀው አሥራትን ነው። አሥራት ጡረታ የወጣ መቶ አለቃ ሲሆን ስለ መሣሪያ ሲያወራ ስለ ልጆቹ ከሚያወራው በላይ ፊቱ ይበራል። ሕጋዊ ሻጭ ጋ ሊያገናኘውም ቃል ገባለት።

"ማካሮቭ ውሰድ። ሰባት መቶ ሠላሳ ግራም፤ ሙሉ ብረት ናት፣ አታሳፍርህም።"

"አሥራት፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና የምል ሰው ነኝ። ሆዴን ብትወጋኝስ?"

"ሆድህን ቀንሳ!"

"ሌላ የለም?"

"ሦስት መቶ ግራም የምትመዝን አለች። እሷ ግን ለሴት ቦርሳ ናት፤ ያንተ መዳፍ ውስጥ ትጠፋለች። መካከለኛም አለች፤ ከፊሏ ፕላስቲክ፣ አምስት መቶ ሰባ ግራም። አንዱን ስትተኩስ ቀጣዩን ራሷ ታጎርሳለች፣ ከጃኬት ሥርም አትታይም።"

"የትኛዋ ትሻለኛለች?"

"ሽጉጥ እንደ መንጋጋ ጥርስ ነው። መኖሩን የረሳኸው ቀን ተስማምቶሃል ማለት ነው። እስከ ቅዳሜ ወስን።"

ገርባ ይህን ለገለቴ ሲነግራት ሳቀችበት። "አንተ ሰውዬ፣ ጫማ እንኳ ሳትለካ አትገዛም። መጀመሪያ ክብደቱን ታጥቀህ ዋል!" በካራ የሚቆረጠውን ረጅሙን የልብስ ሳሙና ያሰበችው እሷ ናት። ገርባ ወደ ሳህሉ ሱቅ ሄደ።

"ሰባት መቶ ሠላሳ ግራም ሳሙና መዝንልኝ።"

ሳህሉ ከመነጽሩ በላይ አየው። "ሳሙና በግራም?"

"ገለቴ ናት ያዘዘችኝ።"

ሳህሉ ካራውን አነሳ። ቆርጦ፣ ከዳር ፍቆ፣ መዝኖ ሰጠው። በነጋታው ሦስት መቶ፣ ከዚያ አምስት መቶ ሰባ ሲጠይቀውም ዝም ብሎ መዘነለት።

ማካሮቭ የሚያህለው ሳሙና ገርባ ከፒካፗ ሲወርድ ሱሪው ውስጥ ተንሸራቶ ጉልበቱ ላይ አረፈ። ትንሿ ከኪሱ ጠፍታ ከገለቴ የእጥበት ሳፋ ተገኘች። ሦስተኛዋን ግን በላስቲክ ጠቅልሎ በቀኝ ወገቡ ሻጣት፤ በቀበቶና በቆዳ ጃኬት መካከል የተወለደች ይመስል ተቀመጠችለት። ሲያጎነብስ አትወጋ፣ ሲቀመጥ አትቆረቁር።

እብጠቷ ግን ትታያለች። ያየኋት ሐሙስ ዕለት ነው፤ ሽጉጥ ታጥቋል ብዬ የነገርኩትም ለሁለት ሰው ብቻ ነው። እስከ ምሳ ሱሉልታ አወቀ። ወሬው ጎረቤት ከተማ ጫንጮ ሲደርስ ሽጉጦቹ ሁለት ሆነው ነበር።

እኔ ለጨዋታ ነበር። ነገር ግን በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበረው፦ በዚህ ክፉ ቀን መንግሥት ሽጉጥ የሚፈቅደው ለማን ነው? ለወሬ አቀባይ ነዋ! ዓርብ ጠዋት ውሾቹ አሁንም አልጮሁበትም፤ በሮቹ ግን አልተከፈቱም። አንዷ ወተቱን በአጥር በኩል አቀበለችው። ሌላዋ "ላሚቱ ነጥፋለች" አለችው፤ ላሚቱ ከኋላዋ ቆማ ጡቷ ተወጥሮ እያየችው። ገርባ ምን እንዳጠፋ ግራ ገባው።

ዓርብ ከሰዓት ደግሞ ጃርሱማ የሚሉት ሽምግልና ነበረበት። ባይሳ የሚባል የሰፈራችን ሰው፣ ዘጠና ኪሎ የሚመዝን ግዙፍ ገበሬ፣ ኮሌጅ የሚማር ልጁን ፖሊስ ወስዶበታል። ፖሊሶች ሳህሉ ሱቅ ለስላሳ ሲጠጡ ስለሚውሉ "የልጄን ስም የሰጠው ሳህሉ ነው" ብሎ ዝቷል። አጥር የሚጋሩ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ቤት እሳት ቢነሳ የሌላው አይተርፍም። ሁለቱም በአንድ ቃል የተስማሙት "ገርባ ይግባበት" በማለት ነው። የሽጉጡ ወሬ ለባይሳ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ያን ቀን የባይሳ በር ካልተከፈተለት ሱሉልታ ውስጥ የትኛውም በር እንደማይከፈትለት ገርባ ገብቶታል።

ዝናቡን ያወርደው ነበር። ገርባ ባይሳ ቤት በእግሩ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ በረንዳው ላይ እርጥብ ሣር ጎዝጉዘው ተቀምጠዋል። ሳህሉ ከዳር አንገቱን ደፍቷል። ባይሳ የበረንዳውን በር በሰውነቱ ዘጋው።

"ገርባ፣ ጃርሱማ ላይ ብረት ይዞ የተቀመጠ የለም። ይህን ከኔ በላይ ታውቃለህ።"

"የምን ብረት?"

"ሕፃን አታድርገኝ! ወገብህ ላይ ያለውን አውጣ። አለዚያ ልጄን ከወሰዱት ጋር ነህ፣ ደጄንም አትርገጥ።"

ገርባ እጁን ወደ ወገቡ ሰደደና ደነገጠ። ረስቷት ነበር። አሥራት እንዳለው፣ እንደ መንጋጋ ጥርስ ረስቷታል! ሳሙናዋ ፈተናውን ያለፈችው በዚያች ደቂቃ ነው። ላስቲኩ ተቀዶ፣ ዝናብ ገብቶበት፣ ከቀኝ ዳሌው እስከ ቦት ጫማው ድረስ ነጭ አረፋ እየወረደ ነበር።

ባይሳ ወደ ታች አየ። "ዋቆ ኮ! ሰውዬው ይፈላል እንዴ?"

ገርባ ሳሙናዋን አውጥቶ በሁለት እጁ ዘረጋለት። ከዚያ ከዳር የሳህሉ ሳቅ ፈነዳ።

"የኔ ሳሙና ናት! አምስት መቶ ሰባ ግራም። ማካሮቯንም እኔ ነኝ የመዘንኩለት።"

"ማካሮቯን?"

"ባይሳ፣ እኔ ወታደር ቤት ስድስት ዓመት የመሣሪያ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበርኩ። ሰው ሰባት መቶ ሠላሳ ግራም ሳሙና ሲለኝ ምን እየለካ እንደሆነ አይጠፋኝም።"

"ያን ጊዜ አውቀሃል?"

"ገና መጀመሪያ ሲመጣ።"

"ከተማው ሁሉ ታጠቀ ሲለውስ ምነው ዝም አልክ?"

"በሰው ወገብ ላይ ያለ ነገር ምኔ ነው? ሰውዬው ፈርቷል። የፈራ ሰው ምስጢር ሱቅ ላይ አይሸጥም።"

ባይሳ ሳሙናዋን ይዞ ቆመ። አረፋው በጣቶቹ መካከል ይወርድ ነበር። ከተማ ሙሉ ሲያወራ አንድ ሰው ብቻ አፉን ዘግቶ ኖሯል፤ እሱም ባይሳ ራሱ በወሬ አቀባይነት የከሰሰው ሰው ነው። ከበሩ ፈቀቅ ብሎ "ግባ፣ ገርባ" አለ። ከዚያ ወደ ሳህሉ ዞሮ፣ ዓይኑን ሳያነሳ፣ "ወደዚህ ጠጋ በል፤ ዝናቡ ያገኝሃል" አለው።

ቅዳሜ አሥራት ቀጠሮውን ሊያጸና መጣ።

"እህሳ፣ አምስት መቶ ሰባዋ ተስማማችህ?"

"እስክረሳት ድረስ። ግን አልገዛም፤ ሌላ አግኝቻለሁ።"

"ከሷ የቀለለ?"

ገርባ በአገጩ ወደ ፒካፗ ጠቆመው። ባይሳ የፊት ወንበሩን ሞልቶ ተቀምጧል። ልጁ ከእስር እስኪወጣ ስንቅ ሊያቀብለው በየማለዳው ከገርባ ጋር አዲስ አበባ ይወርዳል፤ መንገድ የሚዘጉት ልጆች የማን አባት እንደሆነ ስለሚያውቁ ድንጋዩን ራሳቸው ያነሱለታል።

አሥራት ዙሪያውን እየዞረ አየው፤ ፒካፗ በአንድ ጎን ተንጋድዳለች።

"ይሄ እኮ ዘጠና ኪሎ ነው!"

"ይሁን" አለ ገርባ፣ ሞተሩን እያስነሳ። "ሆዴን አይወጋኝም።"