የወይራዋ ጡት

ዘንድሮ ክረምት ከድሬዳዋ በላይ ያለው ደን መግቢያ ስደርስ የበረኪና ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ጠባቂዋ ሳፋ ሙሉ ውሃ አስቀምጣ የገባውን የወጣውን ሰው ጫማ በብሩሽ ታስፈትጋለች። ያ ሽታ ለምን እንደሆነ ገና ሳልጠይቅ፣ የያዝኳትን ባዶ ከረጢት ሳይ፣ ባለቤቴ በደረቁ የደቻቱ ወንዝ መሃል የቆመችበት ቀን መጣብኝ።

ገና የተጋባን ሰሞን ነው። እሷ ከዚሁ ተራራ ሥር ካለ መንደር ነው የመጣችው። እኔ የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ ስለ ዛፍ ከጥላው በቀር የማውቀው አልነበረኝም። ከደኑ አንዲት የወይራ ችግኝ አምጥታ ግቢያችን ተከለች። የድሬን ሙቀት ታውቀዋለህ፤ ችግኟ ጠወለገች።

"እናቷ ናፍቃት ነው፣ ጡት ትፈልጋለች" አለችኝ።

ሳቅሁባት። ለካ በመንደሯ ችግኝ ሲያዛውሩ፣ በየክረምቱ ከእናት ዛፏ ሥር አፈር እያመጡ ያለብሷታል። ያንን አፈር ነው ጡት የሚሉት።

ሄደን ቆፈርን። አፈሩ ጥቁር ነው፣ የበሰበሰ ቅጠልና የዝናብ ሽታ አለው። በሻርፗ ቋጠረችው። ስንመለስ እስከ ድልድዩ መዞር ሰንፈን በደቻቱ አሸዋ ልናቋርጥ ገባን። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ አሸዋው በፀሐይ ያብለጨልጫል። ድንገት ከላይ ከተራራው በኩል ባቡር የመጣ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ።

"ዋሪያ! ጎርፍ! ውጡ!" ብሎ ጮኸ ዳር የቆመ አንድ ጫኝ።

ሮጥኩ። ዳር ደርሼ ዞር ስል እሷ መሃል ላይ ናት። ሻርፗ ተፈትቶ አፈሩ ፈሶ፣ ተንበርክካ ትዝቃለች።

"ተይው አቦ! ተይው!"

ጫኙ ደግሞ "አንቺ ሴትዮ፣ ለአፈር ብለሽ አፈር ልትገቢ ነው?" ይላታል።

ጎርፉ ግንድና ቆርቆሮ ተሸክሞ ብቅ አለ። እሷ ቋጠረችና ሮጠች። ውሃው ተረከዟን ሲነካት እጇን ይዤ ወደ ላይ ጎተትኳት። ዳር ላይ ወድቀን እያለከለክን፣

"ብትሞቺስ?" አልኳት።

"አንተ ሌላ ታገባለህ። እሷ ሌላ እናት ከየት ታመጣለች?" ብላ ሳቀች።

ወይራዋ ጸድቃ ጠነከረች። እንዲያም ሆኖ በየክረምቱ ወጣን። "መቼ ነው ጡት የምታስጥያት?" ስላት፣ "እናቷ እስካለች ትጥባ እንጂ!" ትለኝ ነበር። ባለቤቴ ካረፈችም በኋላ አልተውኩም፤ ብቻዬን እየወጣሁ አመጣሁላት።

ዘንድሮ ጠባቂዋ ከረጢቷን አይታ፣ "አባባ፣ ምን ሊይዙባት ነው?" አለችኝ። ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ። ክንዴን ይዛ ወደ ውስጥ ወሰደችኝ። እነዚያ ትልልቅ ወይራዎች ከጫፋቸው ጀምረው ደርቀዋል። የአንዱን ሥር ላጥ አድርጋ አሳየችኝ። ከቅርፊቱ ሥር ሻጋታ የመሰለ ነጭ ነገር ተጋድሟል፣ እንጉዳይ እንጉዳይ ይሸታል።

"በሽታው አፈሩ ውስጥ ነው። በጫማም በዶማም ይሄዳል። ከእንግዲህ ከዚህ አፈር አይወጣም።"

"አምና የወሰድኩትስ?"

የላጠችውን ቅርፊት ወደ ቦታው መለሰች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "አምና ማን አወቀ፣ አባባ። ቅጠሏ እንዴት ነው? ከታየባት ከነሥሯ ተነቅላ መቃጠል አለባት፤ ለሌላው እንዳትተርፍ" አለችኝ።

"ደህና ናት" አልኳት።

ከፋሲካ ወዲህ በአንድ ጎኗ ቢጫ ጀምሯታል። ሙቀቱ ነው እያልኩ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እንቅልፍ ራቀኝ። አብራኝ የምትኖረው ልጄ እናቷ በተከለቻት ዛፍ ምን ያህል እንደምትጽናና አውቃለሁና፣ እሷ ሳትነሳ እየወጣሁ የረገፈውን ቢጫ ቅጠል ከዛፏ ሥር እለቅም ጀመር።

ትናንት ጠዋት ስወጣ ልጄ ቀድማኛለች። ዛፏ ሥር ጎንበስ ብላ ነበር። ስታየኝ ቀና አለችና የጨበጠችውን እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች። በጣቶቿ መሃል ቢጫው ይታየኛል።

"ነፋሱ ነው አባ" አለችኝ፣ "ሌሊቱን ሲነፍስ አድሮ።"

"አዎ" አልኳት፣ "ነፋሱ ነው።"