እትዬ ወርቅአየሁ እና ስም አልባው ማመልከቻ

የመሥሪያ ቤታችንን ስም አልጽፍም። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ምክንያቴን ይረዳኛል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ፣ ባሕር ዛፉ መሀል ነው ብል ይበቃል። እኔ ዳርቱ በዳዳ እባላለሁ። ሥራዬ ሌሎች ከዋክብትን የሚዞሩ ትንንሽ ፕላኔቶችን ማጥናት ነው። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ራሴ ሳይሆን ስለ ጸሐፊያችን፣ ስለ እትዬ ወርቅአየሁ አምባዬ ነው።

እትዬ ወርቅአየሁ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል፤ መጀመሪያ ወረዳ መዝገብ ቤት፣ በኋላ እኛ ዘንድ። በታይፕ ጀምረው በኮምፒውተር ጨረሱ። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ቁጣቸው ግን ኮሪደሩን ይሞላል። ቁጥር፣ ቀን እና ማኅተም የሌለው ወረቀት ከእሳቸው ጠረጴዛ አያልፍም። አንድ ጊዜ የዓመት ፈቃድ ስጠይቅ ቀኑን መጻፍ ረስቼ ማመልከቻዬን መለሱብኝ፤ እኔም እልህ ይዞኝ ሳላስተካክለው ስቀር ፈቃዴ በሳምንት ዘገየ። የሚጽፉት ደብዳቤ ሁሉ የኃላፊ ነው፣ ፊርማውም የኃላፊ ነው። የእሳቸው ድርሻ ከወረቀቱ ግርጌ፣ በስተግራ የሚቀመጡ ትንንሽ ፊደላት ናቸው፤ መጀመሪያ የአርቃቂው ስም ምሕፃር፣ ቀጥሎ የእሳቸው፣ «ወአ»። ያንን የሚያነብ ሰው አይቼ አላውቅም።

እኔን እንቅልፍ የነሳችኝ አንዲት ፕላኔት ነበረች። ከምድር ትንሽ ትበልጣለች። ቀይ፣ ደብዘዝ ያለች ኮከብ ትዞራለች፤ ዓመቷ ሁለት ቀን አይሞላም። አንዱ ፊቷ ሁልጊዜ ወደ ኮከቧ የዞረ ስለሆነ እዚያ ዘላለም ቀን ነው፣ በሌላው በኩል ዘላለም ሌሊት። ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው፦ አየር አላት ወይስ የላትም?

ያደግኩት ካራ ነው። አባቴ ባቄላ በሚዘራበት ዘመን የጥቅምት ምሽት ላይ ደጅ ወጥቶ ሰማዩን ያያል። ጥርት ካለ ይጨነቃል፣ ውርጭ ይወርዳልና። ደመና ካለ «መሬቱ ጋቢ ለብሷል» ብሎ ይተኛል። የእኔም ነገር ከዚያ ብዙ አይርቅም። ፕላኔቷ አየር ካላት ነፋሱ የቀኑን ሙቀት ወደ ሌሊቱ ወገን ያሻግረዋል፣ የቀኑ ፊት ትንሽ ይበርዳል። ባዶ ድንጋይ ከሆነች ግን የሚካፈላት የለም፣ የቀኑ ፊት ብቻውን ይነድዳል። ስለዚህ ሙቀቷን መለካት ነው። ፕላኔቷ ከኮከቧ ጀርባ ከመደበቋ በፊት የሁለቱን ብርሃን አንድ ላይ እንለካለን፤ ስትደበቅ የኮከቧን ብቻ። ልዩነቱ የፕላኔቷ ነው። ልዩነቱ ታዲያ ከምናምን በታች ነው። ከእንጦጦ ሊታይ ቀርቶ ከየትኛውም ተራራ አይታይም፤ ከምድር አንድ ሚሊዮን ተኩል ኪሎ ሜትር ርቆ የሚሠራው ባለ ወርቅማ መስታወት የጠፈር ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል። በዓመት አንድ ጊዜ ማንም ማመልከት ይችላል፤ ከአሥር አመልካች ዘጠኙ ይመለሳል።

ባለፈው ዓመት አመለከትን፣ ሳንነበብም ወደቅን። ደንቡ እንዲህ ይላል፤ ማመልከቻው ላይ የሰው ስም፣ የመሥሪያ ቤት ስም፣ ወይም ጸሐፊው ማን እንደሆነ የሚያሳብቅ ነገር አይገኝም። ዳኞቹ ሐሳቡን ብቻ ነው የሚያነቡት። እኛ ታዲያ ምን ብናደርግ ጥሩ ነው? መጨረሻው ላይ የድጋፍ ደብዳቤ አያያዝን፤ ክብ ማኅተም የተመታበት፣ የክፍላችን ኃላፊ የዶክተር ሕሩይ ቲተር ያረፈበት። ደንቡን አንብበነዋል። ግን የድጋፍ ደብዳቤ የሌለው ወረቀት ከቢሮ ይወጣል ብሎ የሚያምን ልብ አልነበረንም። መልሱ ሁለት መስመር ነበር። እኔ አለቀስኩ፣ ከዚያ ተናደድኩ፣ ከዚያ እንደገና መጻፍ ጀመርኩ። ዘንድሮ ካልሆነ ሌላ ቡድን ፕላኔቷን እንደሚወስዳት አውቀዋለሁ።

መስከረም ላይ ረቂቁን ገጹን እንዲያስተካክሉልኝ ለእትዬ ወርቅአየሁ ወሰድኩላቸው። አገላበጡት።

«ስሙ የታል?»

«የለውም፣ እትዬ።»

«መሥሪያ ቤቱስ?»

«አይጻፍም።»

«ማኅተሙንስ የት ልናደርገው ነው?»

«ባለፈው ዓመት የገደለን እሱ ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «አንቺ ልጅ፣ ወረዳ ሳለሁ ስም የሌለው ወረቀት ስቀበል ነው የኖርኩት። አንዱም ለደግ አልመጣም። እገሌ አጥር ገፋ፣ እገሊት የማይገባት ቤት ያዘች፣ ይኸው ነው። ሰው ደግ ነገር ሲጽፍ ስሙን ምን ያስደብቀዋል?»

አስረዳኋቸው። ድሮ ስም ይጻፍ ነበር፤ ዳኞቹም ሳያስቡት ወደሚያውቁት ስም፣ ወደ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ያደላሉ። ስሙን ሲሸፍኑት የቴሌስኮፕ ጊዜ አግኝተው የማያውቁ ሰዎች ማግኘት ጀመሩ። እትዬ ወርቅአየሁ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«እንግዲያው ይኼ ደንብ የወጣው ለእኛ ነዋ።»

«ለእኛም ጭምር ነው።»

«ነይ፣ ቁጭ በይ።» ከመሳቢያቸው ቀይ እስክሪብቶ አወጡ። «ስም ማጥፋትማ ቀላል ነው። እኔ ያንን ሁሉ ጥቆማ ስቀበል ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ ማን እንደጻፈው አውቀዋለሁ። አንዱ ሁሌ ‘እንደሚታወቀው’ ብሎ ይጀምራል። ሌላዋ ታሰምርበታለች፣ ታሰምርበታለች፣ ወረቀቱን ትቀድደዋለች። እንግሊዝኛው ይገባኛል፤ ሳይንሱ ነው የማይገባኝ። እሱም ይሻላል፣ አያሳስተኝም።»

እውነታቸውን ነበር። እኔ በሳይንሱ ስለምሳብ ቃሉን አላየውም፤ እሳቸው ቃሉን ብቻ ያያሉ። ሁለተኛው ገጽ ላይ «ቀደም ሲል ባሳተምነው ጥናት እንዳሳየነው» ብያለሁ። ጣታቸውን አሳረፉበት።

«ይኼ ጥናት ቢፈለግ ማን ይወጣል?»

«እኛ።»

«ታዲያ ምን ቀረሽ? ‘እነ እገሌ እንዳሳዩት’ በይ። ራስሽን እንደ ባዳ አንሺው።»

አንዱ ግራፍ ላይ ሰዓቱን በምሥራቅ አፍሪካ አቆጣጠር አስቀምጬዋለሁ፤ ቀዩ እስክሪብቶ ከበበው። የሥራ ዕቅዱ ላይ «ከረጅሙ ዝናብ በኋላ ተማሪዎች ሲመለሱ» ብያለሁ። «ይኼ አገር ይናገራል» አሉና ሰረዙት። ዶክተር ሕሩይ ያቃኑትን አንድ አንቀጽ አንብበው ደግሞ «ይኼ የዶክተር ነው። ‘በመሆኑም’ን በአንድ ገጽ አራት ጊዜ የሚጽፍ ሌላ ሰው አላውቅም፤ በእንግሊዝኛም አልተዋቸው» አሉ። ዶክተር ሕሩይ ሲሰሙ ተቀየሙ፤ ቆጥረው ሲያገኙት ግን ሳቁ።

እነዚያ ሦስት ሳምንታት በሕይወቴ ከተደሰትኩባቸው ቀናት ናቸው። ጠዋት ዳገቱን ስወጣ እሮጥ ነበር ማለት ይቻላል። እትዬ ወርቅአየሁ ፕላኔቷን «ያቺ ልጅ» ይሏት ጀመር። ቢሮ ስገባ «ያቺ ልጅ እንዴት አደረች?» ይሉኛል፤ እኔም ትናንት ያሰላሁትን እነግራቸዋለሁ። አየሯ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢሆን ቴሌስኮፑ ምን ያያል፣ ኮከቧ አየሩን ጠራርጋ ወስዳው ቢሆንስ ምን ይሆናል፣ ሁሉንም ይጠይቃሉ። አንድ ቀን ምሳቸውን ትተው ሲያዳምጡኝ ቆዩና «ድንጋይ ሆና ብታሳፍረንስ?» አሉኝ። ድንጋይ መሆኗን ማወቅም ትልቅ ነገር እንደሆነ ነገርኳቸው። አላመኑኝም።

የመላኪያው ቀን ጥቅምት ውስጥ ነበር። ማመልከቻው የሚዘጋው በእኛ ሌሊት ቢሆንም መብራትና ኔትወርክ ሳይጫወቱብን ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልንልክ ተስማማን። ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ ጥበቃው ነዳጁ ለአንድ ሰዓት እንኳ መድረሱን እንደሚጠራጠር ነገረን። እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ተጥጃለሁ፣ ዶክተር ሕሩይ ከኋላዬ ቆመዋል፣ እትዬ ወርቅአየሁ የታተመውን የመጨረሻ ቅጂ በቀይ እስክሪብቷቸው እየተከተሉ ያነባሉ።

መጨረሻው ገጽ ላይ እስክሪብቶው ቆመ።

«ዳርቱ።»

«አቤት፣ እትዬ።»

«ነይ እስኪ።»

ከማጣቀሻው ዝርዝር በታች፣ በስተግራ፣ ደቃቅ ሆኖ ተቀምጧል፤ «ዳበ/ወአ»። በእንግሊዝኛ ገጽ ላይ በግዕዝ ፊደል። ማኅተም ብንመታበት ይሻል ነበር። ያንን ገጽ ሃያ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ በእኛ ቢሮ ያለዚያ የሚወጣ ወረቀት ስለሌለ ዓይኔ ለምዶት አልፎታል። የዶክተር ሕሩይም እንደዚያው።

እትዬ ወርቅአየሁ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ የፈለግሁት ሌባ እኔው ነኝ» አሉ። «ጣቴ ነው የጻፈው። እኔ አላዘዝኩትም።»

ልስቅ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። እኔ ላጥፋው ስል እጄን ያዙኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጠው ፊደላቱን አንድ በአንድ ራሳቸው አጠፏቸው።

«ሃያ ዘጠኝ ዓመት ስሜ ከዚህ ቦታ ከፍ ብሎ አያውቅም» አሉ ሲነሡ። «ይኸው ዛሬ ከዚህም ወረደ።»

እንደ ቀልድ ነበር ያሉት። የነዳጁን ነገር ሊያዩ ወደ ጥበቃው ወጡ። እኔን ግን አንገበገበኝ። ያንን ሁሉ ዓመት ስንቱን ደብዳቤ አስጽፌያቸው አንድ ቀን ግርጌውን ሳላይ መኖሬ አሳፈረኝ።

ማመልከቻው ላይ ዳኞቹ የማያዩት አንድ ገጽ አለ። የቡድኑ አባላት ስም የሚሞላው እዚያ ነው፤ ተሸፍኖ ይቆይና ውሳኔው ካለፈ ብቻ ይገለጣል። እዚያ የእኔ እና የዶክተር ሕሩይ ስም ነበር። ዞሬ ዶክተር ሕሩይን አየኋቸው።

«ጨምሪ» አሉ። «ከእኔ በላይ ሠርተዋል።»

ሦስተኛ መስመር ጨመርኩ። አዲሱን ቅጂ ጫንኩና ላክሁት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጄኔሬተሩ ጠፋ።

እትዬ ወርቅአየሁ የካቲት ላይ ጡረታ ወጡ። ተተኪ ገና ስላልተቀጠረ የስንብታቸውን ደብዳቤ የጻፉት ራሳቸው ናቸው፤ ከግርጌው «ሕአ/ወአ» ይላል። ስለዚያች ሦስተኛ መስመር አልነገርናቸውም። ብንወድቅ ሁለት ጊዜ እንዳያዝኑ ብዬ ነው።

መጋቢት ውስጥ አንድ ጠዋት ኢሜይሉ ገባ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አልፈናል። ቴሌስኮፑ ሃያ ሁለት ሰዓት የእኛን ፕላኔት ያያል። ዶክተር ሕሩይ ወንበር ሳቡልኝ፣ አልተቀመጥኩም። አትሜው ቁልቁል ወረድኩ፤ ታክሲ መጠበቅ ስላልቻልኩ እስከ ፈረንሳይ በእግሬ ሮጥኩ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች መንገድ ለቀቁልኝ፤ አንዷ «ምን ሆንሽ፣ እናቴ?» አለችኝ፤ «አየር» ብያት አለፍኩ።

እትዬ ወርቅአየሁ ግቢያቸው ውስጥ ቧንቧ ሲያስጠግኑ ደረስኩ። ትንፋሼ ስላልተመለሰ ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ማለፋችንን ሲያነቡ ክንዴን ጨብጠው አልለቅ አሉ። ከዚያ ዓይናቸው እንደ ልማዱ ወደ ግርጌው፣ ወደ ግራው ወረደ። ባዶ ነው።

«ጎሽ» አሉ። «ንጹሕ ነው። ምንም አልቀረም።»

«ከላይ ነው፣ እትዬ።»

«ምኑ?»

«ወደ ላይ ይዩ።»

ጣታቸውን ከላይ ጀምረው አወረዱ። የእኔን ስም አለፉ፣ የዶክተርን ስም አለፉ፣ ሦስተኛው ላይ ቆሙ። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ እስከ አባታቸው ስም ድረስ አነበቡት። ቧንቧ ሠሪው መፍቻ እንዲያቀብሉት ጠየቀ፤ አልሰሙትም። ዓይናቸው ሞላ። እኔም አላስቻለኝም፤ አለቀስኩ።

ትንሽ ቆይተው መነጽራቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ታዲያ ያቺ ልጅ አየር አላት?»

«ገና ነው፣ እትዬ። ቴሌስኮፑ የሚያያት ታኅሣሥ ላይ ነው።»

«ባይኖራትስ?»

«የላትም ብለን እንጽፋለን።»

ወረቀቱን እንዳይታጠፍ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ቤት ሊገቡ ሲሉ ደጃፉ ላይ ዞሩ።

«ታኅሣሥ ላይ ለማንም ሳትነግሪ መጀመሪያ ለእኔ ደውይ» አሉኝ። «ስሜ ያለበት ጉዳይ ነው።»