ዘጠኛችንን አንድ ሰው ያደረጉን የደሴቱ ጠባቂዎች

ይህ ነገር የጀመረው የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ነው። ለማንም ብነግረው "ለጨዋታ ይህን ያህል?" ይለኛል። አዎ፣ ለጨዋታ ይህን ያህል። ስሜ ትዕግስት ነው፤ ይህን ወሬ ሳነሳ ግን የሚያውቁኝ ሁሉ "ስምሽን ለሌላ ሰው ስጪው" እያሉ ያሾፉብኛል። ያሹፉ። አሁን ስጽፈው እንኳ ደሜ እየፈላ ነው።

ጅግጅጋ ተወልጄ ያደግሁ፣ እዚያው የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ ያለኝ ሴት ነኝ። አያቴ በወታደርነት መጥተው በዚያው የቀሩ ናቸው። ከሱቄ ጎን መሐመድ አብዲ የሚባል ኮምፒውተር ጠጋኝ አለ። ግራኝ ስለሆነ ሰው ሁሉ በሶማሊኛው ጉሬ ነው የሚለው። የኢንተርኔቱ መስመር በእኔ ስም የገባ ነው፤ ጉሬ ግድግዳ እየበሳ ገመድ ስቦ ለሕንፃው ሁሉ አካፈለው። ልብስ ሰፊውም፣ የሞባይል መለዋወጫ ሻጩም በዚያችው መስመር ነው የሚኖሩት። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ አንዱ ያስገባል፣ ጎረቤት ይጠቀማል።

ጨዋታውን ያመጣብንም ጉሬ ነው። ከመላው ዓለም ሰው ጋር በኢንተርኔት የሚጫወቱት ነው። የራስህን ሰው ትፈጥራለህ፣ ስም ታወጣለታለህ፣ ከዚያ አንድ ትልቅ ደሴት ላይ እንጨት እየቆረጥክ፣ ቤት እየሠራህ፣ ከአውሬ እየታገልክ ትኖራለህ። የእንግሊዝኛ ስሙ ስለረዘመብን "ደሴቱ" አልነው። ባሕር በዓይኑ ያላየ ሁሉ ደሴት ላይ ቤት ሠራ። ዘጠኝ ነበርን፤ አብዛኞቻችን ከትምህርት ቤት ጀምሮ የምንተዋወቅ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ደሴቱ ላይ አንድ ሰፈር የሠራን።

በ2010 ክረምት ከተማችን ስትታመስ ተበታተንን። አንዱ ድሬዳዋ፣ አንዱ አዲስ አበባ ገባ። ከሁሉም የምቀርባት ሆዳን ደግሞ ቆይታ አገባችና ወደ ደወሌ ሄደች፤ ባለቤቷ ጅቡቲ ድንበር ላይ ዕቃ የሚያስፈጽም ትራንዚተር ነው። ከዚያ ወዲህ ዘጠኛችን በአካል አንድ ላይ ተቀምጠን አናውቅም። የምንገናኘው ደሴቱ ላይ ነበር። አውሬውን ትተን እሳት አንድደን ቁጭ ብለን በጽሑፍ እናወራለን። ማን አገባ፣ ማን ሞተ፣ ማን ከማን ተጣላ የምንባባለው እዚያ ነው። የሆዳንን እርግዝና እንኳ መጀመሪያ የሰማሁት ደሴቱ ላይ ነው።

በ2013 የጨዋታው ባለቤት የሆነው ኩባንያ "ትርፍ የለውም፣ ልዘጋው ነው" ብሎ አስታወቀ። ይህን ለማያውቅ ላስረዳ። እንዲህ ያለው ጨዋታ የሚኖረው ሰርቨር በሚሉት በኩባንያው ዋና ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ እኛ እጅ ያለው መስኮቱ ብቻ ነው። እነሱ ካጠፉት ቤታችንም፣ እሳቱም፣ ደሴቱም ጠፋ ማለት ነው።

ያኔ በየአገሩ ያሉ የጨዋታው ወዳጆች ተሰባሰቡ። ሰርቨሩን እኛው እንደ አዲስ እንሠራዋለን አሉ። ለዚህ ግን ከመዘጋቱ በፊት እያንዳንዱን ቦታ በእግሩ ዞሮ የሚቀዳ ሰው ያስፈልጋል። አንዲት ትንሽ ፕሮግራም አለች፤ እሷን ከፍተህ ስትሄድ፣ ያለፍክበትን ዛፍ፣ ድንጋይ፣ ያናገርከውን ሰው ሁሉ ታስቀምጣለች። ያልተረገጠ ቦታ አይቀዳም።

ሆዳን ተነሳች። ሁለተኛ ልጇን አርግዛ፣ አላስቀምጥ ያላትን ጀርባዋን በትራስ ደግፋ፣ ደሴቱን ከዳር እስከ ዳር ዞረችው። እኛ ሰልችቶን ስንተወው እሷ አንድ ዋሻ ሳትገባ አላለፈችም። "አባዮ፣ ቤቴ እየፈረሰ ምን ልተኛ?" አለችኝ በስልክ፤ አባዮ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው። የደወሌ ኔትወርክ ደካማ ስለነበር የቀዳችውን በክፍል በክፍል እየቆራረጠች በኢሜይል ላከችላቸው። የሰሜኑ ዳርቻ ፋይል ብቻ ለመላክ በጣም ከባድ ስለሆነባት ኮምፒውተሯ ላይ ቀረ።

ሰዎቹም ቃላቸውን ጠበቁ። ከዓመት በላይ ደክመው ደሴቱን አስነሱት። እንደገና ቤት ሠርተን፣ እንደገና እሳት አንድደን ስንቀመጥ አዲስ አበባ ያለው ጓደኛችን አለቀስኩ ብሎ ጻፈ። እኔም አልቅሻለሁ፤ እሱ እንዳያውቅ ዝም አልኩ እንጂ።

ከዚያ ነው ጉዱ። አንድ ቀን ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ልግባ ስል ጨዋታው አላስገባኝም። ጉሬንም አላስገባውም። ዘጠኛችንንም። ሰርቨሩን የሚያስተዳድሩትን ጠባቂዎች እንላቸዋለን፤ ዋናው ጠባቂ አጭር መልእክት ጽፎልናል። አንድ ሰው ሆነህ ዘጠኝ መስለህ ተገኝተሃል፣ ይህ ማጭበርበር ነው፣ ሁሉንም ሰርዣለሁ ይላል።

ለካስ ሌላ አገር ያሉ አጭበርባሪዎች ብዙ ሰው ፈጥረው ዕቃ ሲያከማቹ ተይዘው፣ ጠባቂዎቹ ከአንድ መስመር የሚገባውን ሁሉ መጥረግ ጀምረዋል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይህ ነው። እኛ ደግሞ፣ ደሴቱ ሲመለስ ዘጠኛችንንም ከሱቄ፣ በእኔው መስመር የመዘገብኩት እኔ ነኝ። ይባስ ብሎ ሆዳን ኢንተርኔት የምታገኝበት ስልኳ አንዳንዴ የኛን፣ አንዳንዴ የጅቡቲን ኔትወርክ ስለሚስብ በአንድ ቀን ሁለት አገር የምትታይ ሆነች። "አገር እየቀያየርክ ትደበቃለህ" አላት ጠባቂው። እዚያው ሳሎኗ ቁጭ እንዳለች!

አስረድቼ ጻፍኩለት። ሕንፃውን፣ ገመዱን፣ ድንበሩን። መልሱ፣ እያንዳንዳችሁ መታወቂያ ይዛችሁ ፊታችሁን ፎቶ አንስታችሁ ላኩ የሚል ሆነ። ጥርሴን ነክሼ ሁሉንም ለመንኳቸው፤ ከሆዳን በቀር ላኩ።

አሁን ስሙኝ። ከመሀላችን ሌላም መሐመድ አብዲ አለ፤ ረጅም ስለሆነ ዴሬ የምንለው። እኛ ዘንድ አንድ ሱቅ በር ላይ ቆመህ "መሐመድ" ብለህ ብትጣራ ግማሹ መንገደኛ ይዞራል፤ ስለዚህ ሰው የሚታወቀው በቅጽል ስሙ ነው። የልደት ቀኑን የማያውቅ ሰው መታወቂያ ሊያወጣ ሲሄድ ደግሞ ጸሐፊው እንደመሰለው ይሞላለታል። ጉሬና ዴሬ አንድ ቀን ተሰልፈው ነው ያወጡት። ስማቸው አንድ፣ የልደት ቀናቸው አንድ። ጠባቂው መታወቂያዎቹን አስተርጉሞ አየና "ፎቶ ብቻ የተለወጠበት ሐሰተኛ ሰነድ" ብሎ ዘጋን።

ጉሬ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ዕድሜ ልኬን የሰው ማመልከቻ ስተይብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ተዋርጄ አላውቅም።

ሆዳን ግን ከመጀመሪያውም ፎቶ አልላከችም። ባሏ ከልክሏት እንዳይመስላችሁ፤ እሱ ላኪና ተገላገዪ ብሏታል።

"ፊቴን ለማላውቀው ሰው ልኬ፣ እኔ እኔ መሆኔን እሱ ይንገረኝ? አይሆንም አባዮ" አለች።

በዚሁ ወራት አለፉ። የእሳቱ ወሬ ቀረ። መጀመሪያ የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተን ነበር፤ የበዓል ካርድ መላኪያ ሆኖ ቀረ። ድሬዳዋ ያለው ጓደኛችን እናቱ ታመው ሆስፒታል መተኛታቸውን የሰማሁት ከወጡ በኋላ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ሆዳን ደወለች። ኢሜይል ደርሷታል፤ ከሰርቨሩ ሰዎች። "ውድ ሆዳን፣ ያለ አንቺ ድካም ደሴቱ ባልኖረ ነበር" ይላል። የሰሜኑ ዳርቻ ከማንም አልተገኘም፣ ምናልባት አንቺ ዘንድ ይኖር እንደሆነ እባክሽ ብለው ይለምኗታል። ለካ የቀዳችውን በኢሜይል የላከችው በእውነተኛ ስሟ፣ የምትጫወተው በጨዋታ ስሟ ስለሆነ፣ ያባረሯት እሷ መሆኗን አያውቁም።

ጮህኩ። "እንዳትሰጪያቸው! መጀመሪያ ቤታችንን ይመልሱ!" አልኳት። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ማለት ይህ አይደል? ጨርሼ ትንፋሽ ስወስድ፣ "ዳርቻው ምን አደረገኝ? እኔ ከያዝኩት እኮ ጠፍቶ መቅረቱ ነው" አለች። በማግስቱ ላከችላቸው። ስለተሰረዘው አንዲት ቃል አልጻፈችም።

እኔ ግን ሆዳን አይደለሁም። ለዋናው ጠባቂ ያለ የሌለ እንግሊዝኛዬን አሟጥጬ ጻፍኩለት። ይቺ የምታመሰግኗት ሴት አጭበርባሪ ብላችሁ የሰረዛችኋት ናት አልኩት። ይህን ጊዜ ደነገጠ። ረጅም ይቅርታ ላከ፤ አጣርቻለሁ፣ ተሳስተናል፣ እገዳውን ለሁላችሁም አንስቻለሁ አለ። ፎቶም አልጠየቀም። የተሰረዘው ግን አይመለስም፤ ስንሰርዝ ቅጂ አላስቀረንም፣ እንደ አዲስ ጀምሩ አለን።

ያን ስናነብ ጉሬ እንኳ ሳቁ ጠፋ። እነዚህ ሰዎች እኮ ኩባንያው ቢያጠፋውም አይጥፋ ብለው የተነሱ ናቸው። የኩባንያውን ድንጋይ ሳይቀር ቆጥረው አስቀምጠው፣ የእኛን ቤት ቅጂ እንኳ ሳያስቀሩ ጣሉት። ኩባንያው ቢያንስ አስቀድሞ ነግሮናል።

ባለፈው ሳምንት ሆዳን ደወለችልኝ። ከዘጠኛችን እሷ ብቻ እንደ አዲስ ገብታለች፤ ባዶ እጇን፣ መጥረቢያ እንኳ ሳይኖራት፣ ጀማሪ የሚጀምርበት ቦታ ቆማ። በገባች በማግስቱ፣ ራሷ ቀድታ የላከችላቸውን የሰሜን ዳርቻ ለማየት በእግሯ ሄደች። እዚያ አንድ የማታውቀው ተጫዋች አዲስ መሆኗን አይቶ አዘነላትና፣ መንገዱ እንዳይጠፋባት እየመራ ወሰዳት። ይህ ዋሻ ነው፣ ይህ ምንጭ ነው እያለ አስጎበኛት። እሷም አመሰገነችው።

ይህን ስትነግረኝ ከልቧ ነው የምትስቀው። "ግቢ እንጂ አባዮ፣ ብቻዬን ነኝ" አለችኝ።

አልገባሁም። በየቀኑ ሱቄን ስከፍት ልግባ እላለሁ፤ ያ ሰውዬ እጇን ይዞ በገዛ አገሯ ሲያስጎበኛት እየታየኝ እጄ እምቢ ይለኛል። ይቅር ያለችው እሷ፣ የተበደለችው እሷ። እኔ ንዴቴን ታቅፌ ተቀምጫለሁ፣ እሷም እዚያ ብቻዋን ናት።