ከመንታ መንገድ ያነሳኋት ቀይ ቄብ

አንባቢ ልቡን አንጠልጥሎ እንዳይቆይ ነገሩ ያስከፈለኝን አስቀድሜ ልናገር። ሚስቴን አጣሁ። አማቴ እስኪሞቱ ድረስ ፊታቸውን አዞሩብኝ። ቡታጅራ ገበያ ላይ ከዋርካው ሥር የነበረኝን ቦታም ለቀቅሁ። ዶሮ መብላት መተዌን ግን ከኪሳራ አልቆጥረውም፤ የሚሸጠውን የሚበላ ነጋዴ ድሮም አያድግም።

ዘመኑ የጣሊያን ነው። ጣሊያን ቡታጅራ ሲገባ ከወታደሩ ጋር አንድ ሐኪም መጣ፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጫማውን ራሱ የሚጠርግ ሰው። ከከተማው ጫፍ ቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት ያዘና ግቢውን በሽቦ አጠረ። የታመመ ወታደር ወደሱ ሲሄድ አላየንም። ይልቅስ አንድ የገበያ ቀን አስተርጓሚውን አስከትሎ ወደኔ መጣና የዶሮ ቅርጫቴን ጎንበስ ብሎ ይመረምር ጀመር። አስተርጓሚው ከአስመራ የመጣ፣ አፉ የማያርፍ ጎልማሳ ነበር።

«አንተ ነጋዴ፣ ከነዚህ ውስጥ የታመመች አለች?» አለኝ።

«የኔ ዶሮ ታማ አታውቅም!»

«እንግዲያው አንገዛህም። ጌታዬ የሚፈልገው የታመመች ነው። አናቷ ላይ ያለው ኩክኔዋ የነጣ፣ ሆዷ የተነፋ፣ ሥጋዋ ያለቀ።»

ከቅርጫቱ ግርጌ ደብቄያት የነበረችውን አወጣሁለት። የጤነኛዋን ዋጋ እጥፍ ከፈለኝ።

አጠገቤ ቅቤ የሚሸጡ ሙስሊም ሽማግሌ ነበሩ። «ወላሂ፣ ጣሊያን በሽተኛውን እየመረጠ ከገዛ የኛም ተራ ይደርሳል» አሉ። ገበያው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ከጥያ እስከ አገና ስንት የነጣ ኩክኔ ይገኝ ይሆን እያልኩ ነበር።

የሐኪሙን ታሪክ ከአስተርጓሚው ቃረምኩ። ገና ተማሪ ሳለ ደማቸው እየነጣ የሚሞቱ ሰዎች አይቷል፤ በሽታው ከየት እንደሚመጣ የሚነግረው መምህር ግን አጣ። ዶሮም እንደዚያው ደሟ ነጥቶ፣ ጉበቷ አብጦ እንደምትሞት ሲያውቅ ዕድሜውን ለዶሮ ሰጠ። ባልንጀሮቹ በየሆስፒታሉ ሲሾሙ እሱን «የዶሮ ሐኪም» እያሉ ተሳለቁበት። የሚስቅበት በሌለበት አገር ልሥራ ብሎ እኛ ዘንድ መጣ። እኛም ሳቅንበት።

ሥራውን ብዙ ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ። በበሽታው የሞተች ዶሮ ጉበት ይወቅጣል፣ በውሃ ይበጠብጣል፣ ብጥብጡን በሸክላ ማጥለያ ያሳልፋል። ከሥር የሚንጠባጠበው ኩልል ያለ ነው፤ የምንጭ ውሃ ነው ቢሉህ ትጠጣዋለህ። ያንን ለጤነኛ ዶሮ በመርፌ ይወጋል። ጥቂት ወራት ቆይቶ የጤነኛዋም ኩክኔ ይነጣል።

«ውሃው ውስጥ እኮ ምንም የለም» አልኩት አስተርጓሚውን።

«ጌታዬም በማጉያ መነጽሩ አይቶ ምንም አላገኘም። ምንም የለበትም፣ ግን ይገድላል። መርዝ ነው ይለዋል።»

ዛሬ ቫይረስ የሚሉት እሱን መሆኑን የሰማሁት ካረጀሁ በኋላ ነው።

ዶሮ ያለበት ግቢ ይንጫጫል። ያ ግቢ ዝም ይል ነበር። አውራዎቹ አይጮኹም። እግራቸው ላይ ቁጥር የተመታበት የቆርቆሮ ቀለበት አጥልቀው፣ የነጣ ኩክኔያቸውን ወደ አንድ ወገን ጥለው በሩን ያያሉ። ስገባ ያ ሁሉ አንገት አንድ ላይ ይዞራል። እህል ስበትንላቸው አይሻሙም፤ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው ተራ እየተጠባበቁ ይለቅማሉ። እዚያ ቤት ጀርባዬን ለዶሮ ሰጥቼ አላውቅም።

ለመርፌው ጤነኛ ዶሮም ያስፈልገው ነበር። በሽተኛዋን ከገበሬው በርካሽ አገኛታለሁ፤ ጤነኛዋን ግን ወታደሩ እየበላ አስወደዳት። ብልጠቴ የመጣው እዚህ ላይ ነው። በኛ አገር ሰው ታሞ አልድን ሲል፣ በቀለሟ የታዘዘች ዶሮ በራሱ ላይ ሦስቴ ያዞሩና ከልብሱ የተመዘዘ ክር እግሯ ላይ አስረው መንታ መንገድ ላይ ይጥሏታል። ጭዳ ነው። ቄሶቹ ይቆጣሉ፤ ሰዉ ያደርገዋል። በሽታው ከሰውየው ወጥቶ ዶሮዋ ላይ ይሆናል፣ ያነሳትም ይወርሰዋል ስለሚባል ማንም አይነካትም፤ ጅብ ይበላታል።

ያንን የመሰለ ሥጋ ለጅብ? ማንሳት ጀመርኩ። ክሩን በጥሼ ከቅርጫቴ እጨምራታለሁ፣ ለሐኪሙ «ጤነኛ» ብዬ እሸጣታለሁ። ስታያት ምንም የላትም።

አንድ ቀን አስተርጓሚው ፊቱ ጠቁሮ ጠበቀኝ። ሐኪሙ ዶሮዎቹን ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹን ይወጋል፣ ግማሾቹን ለማነጻጸሪያ ሳይወጋ ይተዋል። «ያልተወጉትም ነጡ» አለኝ። «ጌታዬ እህል አይቀምስም። ጤነኞቹን ከየት ነው የምታመጣቸው?»

«ከየገበሬው ቤት» አልኩ። የወጡትስ ከገበሬ ቤት አይደል?

ሚስቴ መድከም የጀመረችው በዚያው ሰሞን ነው። ድዷ ይደማል፤ ማንም ሳይነካት ክንዷ ይበልዛል፤ ከግራ ጎኗ ሥር እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነገር አበጠ። ልጅ አልነበረንም። ገበያ ውዬ ስገባ ማንን እንዴት እንዳታለልኩ የምነግረው ለሷ ነበር፤ «ሲኦል ስትወርድ ሰይጣንን ቦታ ታስከራየዋለህ» እያለች ትስቅ ነበር። መሳቅ ስታቆም በበቅሎ አስቀምጬ ሐኪሙ ዘንድ ወሰድኳት።

ጣቷን ወጋ አድርጎ ደሟን መስተዋት ላይ ቀባና በመነጽሩ ረጅም ጊዜ አየ። ቀጥሎ ሌላ መስተዋት አስቀመጠና እኔም እንዳይ ጠቆመኝ። አንዱ የሚስቴ ነው፣ አንዱ የዶሮ። በአንዱ ቀዩ የደም ቅንጣት ክብ ነው፣ በሌላው ሞላላ። ነጩ ግን በሁለቱም ቀዩን ውጦታል።

«መድኃኒቱስ?» አልኩ።

«ለዶሮዋም አላገኘላትም» አለኝ አስተርጓሚው።

ሚስቴን ሊያስታምሙ አማቴ መጡ። እኔ ዶሮ ልገዛ አገና ሄጄ ሰነበትኩ። ስመለስ ከከተማው መግቢያ ካለው መንታ መንገድ አንዲት ቀይ ቄብ እግሯን ታስራ አገኘሁ። ክሩ አልበጠስ ስላለኝ ከነክሩ ቅርጫት ጨመርኳት፣ በመንገዴም ለሐኪሙ ሸጥኳት። ቤት ስደርስ ሚስቴ ደጃፍ ተቀምጣ ቆጮ ትከትፋለች።

«ተነሳሁ» አለችኝ።

ሁለት ወር ያህል ደህና ሆነች። ብልዙ ጠፋ፣ ሳቋም ተመለሰ። ሐኪሙ ደሟን እንደገና ሊያይ ጠራት። ተደሰተ፤ ነጩ ቀንሷል፣ አንዳንዴ ይህ በሽታ ፋታ ይሰጣል አለ። ከቤቱ ወጥተን ግቢውን ስናቋርጥ ዶሮዎቹ እንደልማዳቸው ዝም ብለው አንገታቸውን አዞሩ። ከመሃላቸው አንዲት ብቻ ተለይታ መጣችና ሚስቴ እግር ሥር ቆመች። ቀይ ቄብ ናት፣ ኩክኔዋ ነጥቷል። ከቀለበቷ በላይ የቆሸሸ ክር አለ።

ሚስቴ ጎንበስ ብላ ክሩን ነካችው።

«የነጠላዬ ክር ነው» አለች። «እናቴ ናት ያዞረችብኝ። አንተ ትስቅብናለህ ብለን ደበቅንህ። ማን ነው ያነሳት?»

ፊቴን አየችኝና ነጠላዋን ሰብስባ ቀድማኝ ከግቢው ወጣች።

በሳምንቱ ድዷ ደማ።

በሌላው ሳምንት አስተርጓሚው እየሮጠ መጣ። «የምሥራች! አንዲት ቄብ ዳነች። ኩክኔዋ ቀላ! ጌታዬ ይህን ሲጠብቅ ነው የሸበተው።» የትኛዋ እንደሆነች አልጠየቅሁትም።

ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ መንታ መንገዱን፣ ክሩን፣ ጤነኛ ብዬ የሸጥኳቸውን በሙሉ። ዶሮዋን ስጡኝና ከነበረችበት ልመልሳት አልኩ። አምኜበት ነው አልልም፤ አላመንኩም ብልም ያን ቀን መሬት ላይ ለምን ተንበረከክሁ? አስተርጓሚው ሁሉንም ለሐኪሙ ነገረው። ያልተወጉት ለምን እንደነጡ ገባው፤ የደከመበት ሁሉ ከየትም በተለቀሙ ዶሮዎች ላይ የተሠራ ነው። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

«ጌታዬ እንዲህ ይላል» አለ አስተርጓሚው። «ሌላው ሥራዬ ተበላሽቷል። የቀረችኝ ይህች የዳነች ናት፤ አልሰጥህም። ከደሟ መድኃኒት ላውጣና ሚስትህን ልውጋት።»

ለሚስቴ ነገርኳት። ከትራስዋ ቀና ብላ፣ «አንተ ሰው፣ የወጣልኝን በመርፌ ልታስገባብኝ ነው?» አለች። አማቴ ከምድጃው ዳር ተነሥተው ወጡ፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አልተናገሩኝም።

ሚስቴ መርፌውን ሳትወጋ ለመስቀል ሁለት ሳምንት ሲቀረው አረፈች። ሐኪሙ ከቀብሩ ራቅ ብሎ ቆብ በእጁ ይዞ ቆሞ ነበር።

ወሬው ገበያ ደረሰ። ቅቤ ሻጩ ሽማግሌ ብቻ ፊት ለፊት ነገሩኝ። «ልጄ፣ አላህ ያጽናህ። ያንተን ዶሮ የሚገዛ ጠፋ፤ አጠገብህ ነው እያሉ የኔንም ቅቤ መሸሽ ጀመሩ። ራቅ በልልኝ።» ቅርጫቴን ይዤ ወልቂጤ ገባሁ።

ጣሊያን ሲሸነፍ አስተርጓሚው ወልቂጤ ላይ አገኘኝ። እንደነገረኝ ሐኪሙ ሌሎቹን ዶሮዎች አርዶ ከኖራ ጋር ቀብሯቸዋል። ቀይዋን በሣጥን አድርጎ፣ ለመተንፈሻ ቀዳዳ በስቶላት፣ ካሚዮን ላይ ይዟት ወጥቷል።

ሚስቴ ሞተች። ዶሮዋ ዳነች። ሐኪሙ ለምን እንደዳነች ሳያውቅ ሄደ። ለኔ የቀረኝ ምንም የለም።