የትራምፔቱ ቦታ

ስለ ድሮ ባንዶች የሚጻፍ ነገር ሲያጋጥመኝ አንድ ገጽ ሳልጨርስ እዘጋዋለሁ። ሁሉም ዘመን ወርቃማ ነው፤ ሁሉም ሳክስፎን ያለቅሳል፤ ሁሉም ዘፋኝ ሳይታወቅለት ይሞታል። እኔ በቅርብ የማውቀው የአርባ ምንጭ ባንድ ወርቃማ አልነበረም። ድራሙ በሞተር ሳይክል ጎማ ከመነዳሪ የተጠገነ ነበር። ዘፋኙ ግጥም ሲጠፋበት ዓይኑን ጨፍኖ ያጉረመርማል፤ ሰው ግን ስሜት ውስጥ የገባ ይመስለዋል። ይሁንና ታላቅ ወንድሜ በዚህ ባንድ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ትራምፔት ነፍቷል። ስለዚህ ሌሎቹን ሳማ ኖሬ እኔም ልጽፍ ተቀምጫለሁ።

ባንዱ የተወለደው በደርግ ጊዜ፣ የቀበሌ ኪነት ሆኖ ነው። ሰልፍ ሲኖር ማርሽ ይመታል፤ ሰልፉ ሲበተን ያንኑ ማርሽ አፍጥነው ያስጨፍሩበታል። መንግሥት ሲለወጥ መሣሪያዎቹ መጋዘን ገቡ። የሚፈልጋቸው ስለጠፋ ወንድሜና ጓደኞቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አስፈቅደው አወጧቸው። ትሮምቦኑ ውስጥ አይጥ ወልዳ ተገኘች ይባላል። ትሮምቦን ነፊው ግን "ወልዳ አይደለም፤ ተከራይታ ነው" እያለ ያርም ነበር።

የሚጫወቱትን ከካሴት ነው የለቀሙት። ከአዲስ አበባ ባንዶችም፣ ከጥቁር አሜሪካውያንም፣ ጆሯቸው ከያዘው ሁሉ። ፈንክ የሚለውን ቃል የሰማነው በጣም ዘግይተን በሬዲዮ ነው። እስከዚያ ድረስ ስሙ "ሙሽራ ማስገቢያ" ነበር። ሙሽሮቹ ከመኪና ሲወርዱ ሦስቱ ነፊዎች አንድ ላይ ይጀምራሉ፤ ከዚያ ሁለቱ ዝም ይሉና ትራምፔቱ ብቻውን ይመልሳል። በከተማችን ሁለት ሰፈሮች፣ ሲቀላም ሆነ ሴቻ፣ በዚያ ዘፈን ያልገባች ሙሽራ ነበረች ብትሉኝ አላምንም።

ሦስቱን ላስተዋውቃችሁ። ወንድሜ እንደ እኔው ከደጋው፣ ከጨንቻ የወረደ የሸማኔ ልጅ ነው። ትሮምቦን ነፊው ከላንቴ ሙዝ ጭኖ አዲስ አበባ የሚያመላልስ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ሳክስፎን ነፊው ሲቀላ ላይ ስኳርና ሳሙና በጅምላ የሚሸጥ ሙስሊም ነጋዴ ነው፤ መካን በቴሌቪዥን ብቻ ቢያያትም "ሐጂ" እንለዋለን። ሳክስፎኑን ከሳሙና ካርቶኖቹ ጀርባ ነበር የሚደብቀው፤ አጎቶቹ እንዳያዩት። አጎቶቹ ሁሉ ያውቁ ነበር።

ልምምዱ ወንድሜ ግቢ ውስጥ ነበር። ሚስቱ እዚያው አጠገባቸው ልብስ ታጥባለች። አንድም ቀን አመስግናቸው አታውቅም። "ጆሮዬን በላችሁት እኮ!" ትላለች። ሐጂም "ሳሙናውን ማን ሰጠሽና ነው?" ይላታል።

ኖታ የሚያነብ አልነበረም። ወንድሜ ያስለመዳቸው የደጋውን ደንብ ነው። እዚያ ላይ ጨንቻ፣ ቀርከሃና ቀንድ የሚነፉ ሰዎች ዜማውን ተካፍለው ነው የሚይዙት፤ አንዱ አንድ ድምፅ አለው፣ ተራው ሲደርስ እሱን ብቻ ይነፋል። ዜማው የሚሞላው ሁሉም ሲገኙ ነው። ወንድሜ ይህንን ወደ ባንዱ አምጥቶ ሕግ አደረገው፤ የሰው ድርሻ አይነካም። ሾፌሩ ሲቀር ሐጂ የትሮምቦኑን ክፍል መሸፈን ይችል ነበር። አይፈቀድለትም። ቦታው ባዶውን ይቆያል።

አንድ ሠርግ ላይ ሾፌሩ መኪና ተበላሽቶበት ከነሙዙ መንገድ ላይ ቀረ። ሙዚቃው እየተቆራረጠ ሲሄድ የሙሽራው አጎት መጥቶ፣

"ምን ሆናችኋል? መብራት ነው የሚሄድባችሁ?" አለ።

"ሰውየው መንገድ ላይ ነው። ቦታውን ይዘንለት ነው" አለው ወንድሜ፣ የአውቶቡስ ወንበር የያዘ ይመስል።

እኔ ያኔ የማስተምርና ብዙ የማነብ ሰው ስለነበርኩ እንዲህ ያለውን ነገር ዝም ብዬ አላሳልፍም። ይህ ሙዚቃ ሳይሆን አጉል እምነት ነው፤ አድማጭ የከፈለው ለሙሉ ዘፈን ነው፤ ብዬ ተከራከርኩት። በመጨረሻም "ሰውየው ከሞተስ?" አልኩት።

"ከሞተማ ጭራሽ የሱ ሆነ" አለና መንፊያውን በሸሚዙ ጠረገ።

ሚሌኒየሙ ካለፈ በኋላ ኦርጋኑ መጣ። ለኦርጋን ያለኝ አክብሮት ብዙዎችን ያበሳጫል። አንድ ቁልፍ ሲጫን ሦስቱም ነፊዎች ይወጣሉ፤ ራት አይበሉም፣ አይሰክሩም፣ ሙዝ ጭነው አይቀሩም። ሐይቆቹን ቁልቁል የሚያሳየው ሆቴል ባንዱን ትቶ ኦርጋን ያለውን ወጣት ሲቀጥር ሁሉም አዘነ፤ ሆኖም ቅዳሜ ሁሉም እዚያ ነበር። ባንዱን ጠላት አልገደለውም። ስልኩ መደወል አቆመ፣ በቃ።

የቀረ ድምፅ እንኳ የለም። ባንዱ ሸክላ ቀርቶ ካሴትም አላሳተመም። ያሉት የሠርግ ቪዲዮዎች ናቸው፤ እነሱ ላይ ደግሞ ቪዲዮ አንሺዎቹ የቦታውን ድምፅ አጥፍተው የታወቀ ዘፋኝ ጨምረውባቸዋል። ወንድሜ ጉንጩን ወጥሮ፣ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ ይታያል። የሚሰማው የሌላ ሰው ክራር ነው።

በዚያው ሰሞን ወንድሜ ጌታን ተቀበለ። መድረክ ላይ ቆሞ ዘፈን መተዉን መሰከረ። አላፌዝኩበትም፤ ቢያንስ ፊቱ ላይ። መጠጡን ተወ፣ ቤቱን ማየት ጀመረ፣ ሚስቱ ሳቀች። ትራምፔቱን በጋቢ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለው። በቤተ ክርስቲያንም ቢሆን አልነፋውም፤ ቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን ነበረው።

ሐጂና ሾፌሩ ያለ እሱ ጥቂት ሠርግ ተጫወቱ። ሌላ ትራምፔት ነፊ አልፈለጉም። ሙሽራ ማስገቢያውን ይጀምሩና የሱ ተራ ሲደርስ መሣሪያቸውን ዝቅ አድርገው ይጠብቃሉ፤ ሙሽሮቹም አንድ እግራቸውን አንሥተው ይቆማሉ። ሁለተኛ የጠራቸው የለም።

ከዚያ ወንድሜ ጉበቱን ታመመ። በሽታው ረጅም አልነበረም፤ ለእሱ ግን ረዘመበት። አንድ ከሰዓት ሁለቱ ጓደኞቹ ሊጠይቁት መጡ፤ ሾፌሩ አንድ ዘለላ ሙዝ ተሸክሞ። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ሚስቱ ሻይ ልታፈላ ወጥታለች።

"ስትቀብሩኝ ዝም ብላችሁ እንዳትቆሙ" አላቸው ወንድሜ።

"ዘፈን ትተህ የለም እንዴ?" አለ ሾፌሩ።

"እኔ ትቻለሁ። እናንተ መች ተዋችሁ?"

ሐጂ ስለ ስኳር ዋጋ ማውራት ጀመረ። ሻዩ መጣ፤ ወንድሜ ለሚስቱ ምንም አልነገራትም።

የቀብሩ ዕለት ጠዋት ሁለቱም መሣሪያቸውን ይዘው ድንኳኑ በር ላይ ተገኙ። ያን ቀን ከልቤ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የለመነውን እንዲያገኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ፣ የወንድሜን እጅ ይዘው ሲጸልዩ የከረሙ ጥሩ ሰው፣ ሳክስፎኑን አይተው ወደ እኛ መጡ።

"ወንድሞች፣ ይሄ ዘፈን ነው መዝሙር?"

"ሁለቱም አይደለም፣ ጋሼ" አለ ሐጂ፣ ደንበኛ በሚያግባባበት ድምፅ። "የሚዘፍነው ትራምፔቱ ነበር። እኛ ሥር ሥሩን ነው የምንይዘው። ያለ እሱ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።"

"ዜማ ከሌለው ምን ይሠራል ታዲያ?"

"ለሱ ይሠራል" አለ ሾፌሩ። "ለኛማ ጩኸት ነው።"

ሽማግሌው ሊስቁ ሲሉ ቦታው ትዝ አላቸው። ፊታቸውን ሰብስበው "እህታችን ትወስን" አሉ።

የወንድሜን ሚስት ሴቶቹ መሀል ከተቀመጠችበት ጠራኋት። እሱ ራሱ እንደጠየቀን ነገርኳት።

"ለእኔ አልነገረኝም" አለች።

"ፈርቶሽ ነው።"

"ጌታን ካገኘ ወዲህ በቤቴ ዘፈን ተሰምቶ አያውቅም።"

"መቃብሩ ቤት አይደለም እኮ" አለ ሾፌሩ። ሐጂ እግሩን ረገጠው።

"አንድ ጊዜ። ማንም እንዳይዘፍን፣ ማንም እንዳያጨበጭብ" አለችና ተመልሳ ተቀመጠች።

መቃብሩ ወደ አባያ የሚያዘቀዝቅ ቁልቁለት ላይ ነው። ሐይቁ ጭቃ መስሎ ይታይ ነበር፤ ሁልጊዜም እንደዚያው ነው። አፈሩ ከተመለሰ፣ ጸሎቱም ካለቀ በኋላ ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆሙ። በመሀላቸው አንድ ሰው የሚያቆም ክፍተት ነበር፤ ስንት ዓመት እንደዚያ ስለቆሙ ይመስለኛል።

ሙሽራ ማስገቢያውን ጀመሩ። አላዘገዩትም፤ በሠርጉ ፍጥነት ነው የነፉት። ሐጂ እውነቱን ነበር፤ ምን እንደሆነ ያወቀ አልነበረም። አጫጭር ድምፆች ናቸው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ የሆነ ነገር የሚገፉ ይመስላሉ፤ የሚገፉት ነገር ግን የለም። የትራምፔቱ ተራ ሲደርስ መሣሪያቸውን ዝቅ አድርገው ጠበቁ። ነፋስ ብቻ ነበር። ከዚያ ያለ ምንም ምልክት፣ እኩል ገቡ።

እንደገና ዞሩ፤ እንደገና ቦታው ደረሰና ዝም አሉ። በዚህ ጊዜ ሽማግሌው ያለቀ መስሏቸው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከፈቱ። ከኋላ ያለው ሰውም መንቀሳቀስ ጀመረ። ሐጂ ይህን አይቶ ደነገጠ መሰለኝ፣ ፈጠን ብሎ ገባ። ሾፌሩ ተከተለው። እስከ መጨረሻው ነፍተው አበቁ። ማንም አላጨበጨበም።

ስመለስ ከራሴ ጋር እየተከራከርኩ ነበር፤ ሌላ መላ የለኝም። አንድን ዘፈን ዋናውን አጉድሎ፣ ለይቶ በማያውቀው ሕዝብ ፊት መንፋት ምን ትርጉም አለው? የሰማው የለም። ያለቀሰም ለሙዚቃው አላለቀሰም። ወንድሜም አልሰማም። ክርክሩን እያሸነፍኩ ድንኳኑ ደረስኩ።

ማምሻውን ሰው መሰናበት ሲጀምር ሐጂ ሳክስፎኑን በብብቱ እንደያዘ ወደ ወንድሜ ሚስት ጎንበስ አለ።

"አላህ ያጽናሽ፣ እህቴ።"

እጁን ያዘችው፤ አልለቀቀችውም።

"ሁለተኛው ላይ ቸኮልክ" አለችው።

"እ?"

"ሁለተኛው ላይ። አልጨረሰም ነበር።"

እሷ መዳፉን ገልብጣ ዘረጋችው። በሌላ እጇ፣ በአመልካች ጣቷ፣ መዳፉ ላይ ቀስ እያለች መምታት ጀመረች። አንገቷን ትንሽ ዘንበል አድርጋለች፤ ድሮ ግቢው ውስጥ ልብስ ስታጥብ ታደርግ እንደነበረው። ሐጂ እንደጎነበሰ ቆየ። ከኋላው ሊሰናበቱ የተሰለፉት ጠበቁ፤ ሾፌሩም ፊቱን በኮፍያው ሸፍኖ ጠበቀ። የወንድሜን ተራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መታችለት፣ ከዚያ እጁን ለቀቀችው።