ማይጨው የዋለው ገመድ ሻጭ

ገመድ ሻጩን አንዲት ቀን መዋል ብቻ ትንፋሹን ይጨርስበታል። ጎህ ሲቀድ ከቤቱ ይነሳል፤ ከዛፍ ዛፍ እያረፈ ሸዋሮቢት ገበያ ሲደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች። የሚላላጥ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ቃጫ ሲገምድ ይውላል። ማታ ደግሞ ደረቱ ሲነድ ያድራል።

ለጥጃዬ ገመድ ልገዛ ሄጄ "አንቱ" ብዬ ባናግረው፣ "ኧረ ተይ እቴ፣ እኩያሽ ነኝ!" ብሎ ሳቀ። ሳቁን ሳል ቀማው።

የጣሊያኑ ሐኪም ደረቱን አዳምጦ "ምንም የለብህም" ብሎታል። ማይጨው ላይ ከአውሮፕላን የዘነበበትን መርዝ ለዚያው ለጣሊያን ቢነግር፣ ዘማች ነበርኩ ብሎ እጁን መስጠቱ ነው። ስለዚህ "የከሰል ጭስ ይሆናል" ብሎት ወጣ።

ጠበል ሲወስዱት ደግሞ አጥማቂው "ማን ነህ? ተናገር!" ብለው ጮኹበት። የያዘው ጋኔን የለምና የገዛ ስሙን ተናገረ። ዋሽቷል ተብሎ በመቋሚያ ተወቃ።

የሚስቱም እጅ ይላላጣል። ከዘመቻ የተመለሰበትን ልብስ ያጠበችው እሷ ናት። ወንድሞቿ ግን "ጋኔኑን አጋባባት" ብለው፣ አዝመራው ሲገባ ሊወስዷት ዝተዋል።

ገመዴን ጠቅልሎ ሲሰጠኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ፊደል ቆጥረሻል አሉ። ስሜን ሳትጠሪ ለምታምኛቸው ጻፊልኝ። ከማይጨው የተመለሰ ሰው የሚያውቁ ካሉ፣ እሱንም እንደኔ ያደርገው እንደሆነ ይጠይቁልኝ። አንድ ሰው እንኳ ከተገኘ ሚስቴን አይወስዱብኝም።"